ነጠላ የማያቆሽሽ ካቴና

ጋራዥ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን የቀባሁት የሞተር ሳይክል ካቴና ተሳቀበት። አሁን ጡረታ ወጥቼ ሳስበው፣ ትክክል የቀባሁት ያን ቀን ነበር።

ከዚያ በፊት ኮምቦልቻ፣ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ክፍል የቅባት ሠራተኛ ነበርኩ። ማዕረጉ ከጽዳት ከፍ፣ ከመካኒክ ዝቅ ያለ ነው። አፈ ቀጭን የዘይት ጣሳ ይዤ በማሽኖቹ መካከል እዞራለሁ፤ እዚህ ሁለት ጠብታ፣ እዚያ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ መጥረግ። ትርፍ ጠብታ ጨርቁ ላይ ካረፈ የፈረቃ ኃላፊያችን ጨርቁን ተሸክሞ ይመጣና ፊቴ ይዘረጋዋል። አይቆጣም። ነጠብጣቧን በጣቱ እያሳየ ዝም ይላል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ወደ ደሴ ወጣሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሰኞ ገበያ አጠገብ ሞተር ሳይክል የሚጠግኑት ጋሽ ተፈራ ቀጠሩኝና፣ የተቃጠለ ዘይት በቆርቆሮ ሰጥተው «ይኼን ካቴና ቀባ» አሉኝ። እኔም እንደለመድኩት በናፍታ አጠብኩት፣ በየመጋጠሚያው አንዳንድ ጠብታ አደረግኩ፣ ጠረግኩት። ጋሽ ተፈራ መጥተው ጣታቸውን አሳረፉበት።

«ቀባኸው?»

«አዎ ጋሼ።»

«የታለ ታዲያ? ደንበኛው ዘይቱን ካላየ አልተቀባም ነው የሚለው። አንጠባጥበው፤ ስስታም አታሰኘኝ።»

እውነታቸውን ነው። በዚያ ሰፈር ከጋራዡ በር እስከ አስፋልቱ ጥቁር ነጠብጣብ እየጣለ የወጣ ሞተር በደንብ እንደተሠራ ይቆጠራል። የዕለት ጉርስ ነውና እሺ አልኩ። በበጋ የተቃጠለ ዘይት፣ በክረምት ግራሶ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንጠባጠብኩ።

ከደንበኞቻችን ሁሉ የምወዳቸው ሐጂ ኑርዬን ነበር። ቅድመ አያታቸው ከየመን የመጡ፣ እሳቸውም እንደ አባቶቻቸው ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ቀይ ሞተር አለቻቸው። በየሐሙሱ ባለቤታቸውን እትዬ ዘሃራን ከኋላ አስቀምጠው ኮምቦልቻ ያገባች አንዲት ልጃቸውን ፋጡማን ሊጠይቁ ይወርዳሉ። እትዬ ዘሃራን መኪና አይስማማቸውም። «ሚኒባስ ላይ ሐረጎ ቁልቁለት ሳንደርስ አንጀቷ ይገለበጣል፤ ሞተር ላይ ግን ንፋሱ ሲመታት እንደ ኮረዳ ትስቃለች» ይሉኝ ነበር ሐጂ። በቀኝ በኩል ጭስ ማውጫው ስለሚያቃጥል ሁለት እግራቸውን በግራ፣ ካቴናው ባለበት በኩል፣ አድርገው ነው የሚቀመጡት።

አንድ ረቡዕ ሐጂ ሞተሯን አመጡ። ፋጡማ ማርገዟን የነገሩኝ ያን ቀን ነው። ደስ አለኝና ካቴናው ላይ ግራሶ ጨመርኩ፤ በግራሶው ላይ ደግሞ ዘይት አፈሰስኩ። ከልቤ ስለምወዳቸው አበዛሁት።

ከዚያ ወዲህ ሐጂ ወራት ጠፉብኝ። ኋላ አንድ ቀን በጋራዡ ደጅ ሲያልፉ ሞተሯ ስታለቅስ ሰማሁና ሮጬ አስቆምኳቸው። ካቴናው ደርቋል፣ ዝጓል፣ አንዳንዱ መጋጠሚያ አልታጠፍ ብሏል።

«አንቱ ሐጂ፣ ይኼ ዘይት ካየ ስንት ጊዜው ነው?»

«በላምባ አጥቤ አደረቅኩት። እንደሱ ይሁን፣ ተወው።»

«ይበጠሳል እኮ።»

መጀመሪያ ሊነግሩኝ አልፈለጉም። ኋላ ሞተሯን አጠፉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያኔ፣ ፋጡማ ያረገዘች ሰሞን፣ ከአማቶቹ ቤት ስንደርስ የዘሃራ ቀሚስና ነጠላ በጥቁር ተረጭቷል። ነጠላውን ሥሯ አጣጥፋ፣ ምሳ ሲቀርብ እጇን ለመታጠብ እንኳ ሳትነሳ ነው የዋለችው። ልጄን አሳፈርኳት ብላ መንገድ ሙሉ አለቀሰች። አሁን ፋጡማ ልትወልድ ወር አልቀራትም። ዘሃራ ቆሽሻ ከምትደርስ ካቴናው ቢጮህ ይሻላል።»

ማን እንደቀባው ሁለታችንም እናውቃለን። እሳቸው ስሜን አላነሱም፤ እኔም ይቅርታ ለማለት አፌ አልተፈታም። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ካቴና ቢበጠስና የኋላውን ጎማ ቢይዘው፣ ሁለት እግሯን በአንድ በኩል ያደረገች ሴት ምን እንደምትሆን ግን ታየኝ። 

«እስከ ሐሙስ ጊዜ ይስጡኝ» አልኳቸው። «ካልሆነ እኔው ራሴ አደርቀዋለሁ።»

አዲስ ካቴና ከነጥርሶቹ ገጠምኩና ስለ ቅባቱ ማሰብ ጀመርኩ። የተቃጠለ ዘይት ቀጭን ነው፣ ጎማው ሲዞር ይረጫል፤ በዚያ ላይ ሞተር ውስጥ የተፋቀ ብረት አለበት። ግራሶ ውጭውን ይሸፍናል እንጂ መጋጠሚያው ውስጥ አይገባም፤ የገራዶን መንገድ አንድ ጊዜ ከሄዱበት ከአቧራው ጋር ተቦክቶ እንደ ሞረድ ጥርሱን ይበላል። በቆርቆሮ የሚነፋው የካቴና ቅባት ጥሩ ነው ይባላል፤ ያኔ ግን ደሴ የሚገባው ጥቂት ነበር፣ የትኛው እውነተኛ እንደሆነም አላውቅም። የቀረኝ ለጭነት መኪና የሚገባው ወፍራሙ የካምቢዮ ዘይት ነው። ብረት ላይ ይጣበቃል፣ ቀስ ብሎም ቢሆን ወደ ውስጥ ይገባል።

ሐጂ ግን በቃል አላመኑኝም። «ነጭ ለብሼ እትዬ የሚቀመጡበት ላይ እኔ እቀመጣለሁ» ስላቸው ሳቁና ከሱቃቸው አዲስ ነጭ ጀለቢያ አመጡልኝ። ማክሰኞ ጠዋት ካቴናውን በካምቢዮ ዘይት ቀብቼ፣ ሁለት እግሬን በግራ አድርጌ ከኋላቸው ወጣሁ። ባለ ሱቆቹ በር በራቸው ላይ ቆሙ። «ሐጂ፣ ሁለተኛ አገቡ እንዴ?» አለ አንዱ። «መልኳ አላማረኝም፣ እመልሳታለሁ» አሉ ሐጂ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ የጀለቢያዬ ጫፍ ላይ ሰባት ነጠብጣብ ቆጠርን። ሐጂ ጣታቸውን ነጠብጣቡ ላይ አሳረፉ። የፋብሪካው የፈረቃ ኃላፊዬ ፊቴ የቆመ መሰለኝ። ያኔ ነው የረሳሁት ሥራ ትዝ ያለኝ።

ስንመለስ ጀለቢያውን አጥቤ ካቴናውን እንደ አዲስ ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ፣ ከመንገድ እንደመጣ ገና ሙቅ ሳለ፣ ከውስጥ በኩል በየመጋጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ አደረግኩ። ጎማውን በእጄ እያዞርኩ አጠጣሁትና እንዳለ አሳደርኩት። ረቡዕ ጠዋት ጨርቁ ምንም ማንሳት እስኪያቆም ድረስ ውጭውን ጠረግኩ። ጋሽ ተፈራ አይተው «ደረቅ ካቴና አስረክበህ ስሜን ልታጠፋው ነው» አሉ። «ነገ ይፍረዱኝ ጋሼ» አልኩና እንደገና ከሐጂ ኋላ ወጣሁ።

ኮምቦልቻ አስፋልት ዳር ሞተሯን አቁመው መነጽራቸውን አደረጉ። ተንበርክከው የጀለቢያዬን ጫፍ፣ ሱቃቸው ውስጥ ጨርቅ እንደሚመረምሩት፣ በሁለት ጣታቸው እየሳቡ ዙሪያውን አዩት።

«ወላሂ፣ ንጹሕ ነው» አሉ። 

ሐሙስ እትዬ ዘሃራ ወረዱ። ነጭ ለብሰው፣ በአማቶቹ ደጅ ቀና ብለው ገብተው፣ እዚያው ሰነበቱ። በሁለተኛው ሳምንት ሐጂ ብቻቸውን ጋራዥ መጡ። «ወንድ ነው፤ እናትየዋም ደህና ናት፣ አልሃምዱሊላህ። ምጡ ሲይዛት ፋጡማ የእናቷን እጅ አልለቅም ብላ ነበር አሉ።» እንባዬ መጣ። ናፍታ ዓይኔ ገባ ብዬ ታጠብኩ።

እትዬ ዘሃራ ልጃቸውን አርሰው ሲመለሱ በእግራቸው ጋራዡ ድረስ መጡ። የታጠፈ ጨርቅ ይዘዋል። ስዘረጋው ያ ነጠላ ነው፤ በታጠበ ቁጥር የደበዘዘ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት።

«ያን ቀን ያበላሸሁት እኔ ነኝ እትዬ» አልኩ። በመጨረሻ ወጣልኝ።

«አውቃለሁ ይመርዬ። ወዶን ነው ያበዛው ብሎኛል ሐጂ። አብሽር። መታጠብ እምቢ አለኝ፣ መጥረጊያ ይሁንህ፤ ጥጡ ደግ ነው።»

አጣጥፌ መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩት። መቅደድ አልሆንልኝ አለ። በሚቀጥለው ሐሙስ ከሐጂ ጋር ሲመጡ በምን እየጠረግኩ እንደሆነ አዩና «ነጠላው የታል?» አሉ። አወጣሁላቸው። ጫፉን በጥርሳቸው ነክሰው ለአራት ቀደዱት፤ አንዱን ሰጡኝና እስክጨርስ ቆመው አዩኝ።

ጋሽ ተፈራም ቀስ በቀስ በራሴ መንገድ እንድቀባ ተዉኝ። ካቴናው ደረቅ ነው ብሎ ለሚያጉረመርም ደንበኛ፣ መጋጠሚያውን አጠፍ አድርጎ አለመጮኹን እንዲያዳምጥ እነግረዋለሁ። አንዳንዱ አምኖኝ ሄደ፤ አንዳንዱም ዘይት ወደሚያንጠባጥብለት ጋራዥ ሄደ።

ከአራቱ ቁራጭ አንዱ ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ። በዚህ ሥራ የተረፈኝ እውቀት ይህ ነው፦ የካምቢዮ ዘይት፣ ከውስጥ በኩል፣ በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ፤ ማሳደር፤ ጠዋት መጥረግ። መጥረጊያው ነጭ ጨርቅ ይሁን፤ በጥቁር ጨርቅ ላይ የተረፈው ዘይት አይታይም።