ድንጋዩ ከመነሳቱ በፊት

አባቴ ከሞተ በኋላ ውሻው እኔን መከተል ጀመረ። እኔ አልጠራሁትም። ጠዋት ጠዋት አባቴ ይወጣበት በነበረው ሰዓት በሩ ሥር ይቆማል፤ የሚወጣ ሰው ሲያጣ ዞሮ እኔን ያያል። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ እስካገኝ ሰቆጣ ቤታችን ተቀምጬ ነበር። ሌላ የማደርገው ነገር ስላልነበረኝ አብሬው እወጣ ጀመር። ሐዘን ነበር ለማለት ይከብደኛል። በቀብሩ ቀን አላለቀስኩም፤ ከዚያም በኋላ አላለቀስኩም። በደነዘዘ እግር እንደ መቆም ያለ ነገር ነበር፤ መሬቱ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን አይሰማኝም።

አባቴ እያለ ውሻው መንገደኛ ላይ ይጮሃል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ከእኔ ጋር ሲወጣ ግን ሁሉም ላይ ይጮሃል። ከኒሯቅ በኩል በሚመጣው መንገድ ዱላ የያዘ ገበሬም ይሁን አህያ የምትነዳ ሴት፣ ጃንጥላ የያዘ ቄስም ይሁን ለእሱ አንድ ነው። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት አሮጊት ከጩኸቱ ሲሸሹ ወደቁና የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ውሻው አልነካቸውም። ወጌሻ አሰረላቸው። እናቴ ይቅርታ ልትጠይቅ ቤታቸው ስትገባ እኔ ውጭ ቆሜ ጠበቅኳት።

በሳምንቱ የአባቴ ታላቅ ወንድም ወሬውን ሰምተው መጡ።

«ሙት ዓመቱ ሁለት ወር ነው የቀረው» አሉ። «ከፃግብጂ ዘመድ ይመጣል፤ ካህናት ይመጣሉ። ሰው የሚጥል ውሻ ደጃፍ ላይ አቁመን ማንን ነው የምንጠራው?»

«ይታሰራላ» አለች እናቴ።

«የታሰረ ውሻ ይብሳል። እስከዚያ ካልተወ በሥጋ መርዝ ሰጥቶ መገላገል ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ተምረሽ የለ? በይ አስተምሪው።»

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ።

ምክር ከስልኬ ላይ ፈልጌ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ። ውሻውን በገመድ መያዝ፣ ከመንገደኛው ራቅ ብሎ መቆም፣ ከመጮሁ በፊት የሚበላ ነገር መስጠት፣ ከዚያም በየቀኑ ርቀቱን ትንሽ ትንሽ መቀነስ። የእንጀራ ድርቆሽ ሰባብሬ በኪሴ ያዝኩና ወጣሁ።

ሰቆጣ ውስጥ ውሻ በገመድ ይዞ የሚሄድ ሰው የለም። አንድ ባለባጃጅ አጠገቤ ሲደርስ ቀስ አለ።

«እህቴ፣ ገበያው እኮ ነገ ነው። ስንት ትይዋለሽ?»

«አይሸጥም» አልኩት በቁም ነገር። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ውሻው ባጃጁ ከዓይኑ እስኪጠፋ ጮኸ።

ምክሩ አልሠራም። ምክሩን የጻፈው ሰው መንገደኛ ዝም ብሎ የሚያልፍ መስሎታል። እኛ ጋ ግን ሰው ውሻ ሲያይ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሳል። ድንጋይ በሌለበትም ጎንበስ ይላል። ውሻው ያንን ካየ ደግሞ ድርቆሽ አፍንጫው ላይ ቢያደርጉለት አያሸተውም። እነሱ የሚያጎነብሱት እሱ ስለሚጮህ ነው፤ እሱም የሚጮኸው እነሱ ስለሚያጎነብሱ ነው። እኔ መሐል ላይ ገመዱን ይዤ አንገቴን ደፍቼ እቆማለሁ። ውሻ ባይኖርም ሰው ሲመጣ የማደርገው ይህንኑ ነው። ሰላም ላለማለት ጫማዬን እያየሁ አልፋለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት እጃቸው የተሰበረውን አሮጊት መንገድ ላይ አገኘናቸው። ወደ ኋላ ልመለስ ስል ከመንገዱ ዳር ካለው እርሻ የድንጋይ ካብ ማዶ ሆነው ጠሩኝ።

«ነይ፣ አትሽሺ። የሸሸሁትስ እኔ፤ ይኸው ያገኘሁት» ብለው የታሰረ እጃቸውን አሳዩኝ። «የማን ልጅ እንደሆንሽ አውቃለሁ። አባትሽ ግን እንዲህ አያደርግም ነበር።»

«ምን፣ እማማ?»

«እንዲህ ዝም አይልማ። ከውሻው ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነበር። ገና ከዚያ ከቁልቋሉ ጋ እያለን፣ እንደምን አደራችሁ፣ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና እያለ ይመጣል። ሰላም ያለሽን ሰው ድንጋይ ታነሺበታለሽ? ነውር አይደል?» ከዚያ ካቡን ተደግፈው ወደ ውሻው አዩ። «አንተስ፣ ሰባሪዬ፣ ደህና አደርክ?»

ውሻው አልጮኸም።

አባቴ ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበር። ምሳ ላይ ከሁለት ቃል በላይ አይናገርም ነበር። መንገድ ላይ እንዲያ እንደሚጣራ አላውቅም ነበር፤ አንድም ቀን አብሬው ወጥቼ አላውቅምና። ይህን ስሰማ አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅኩ። አሮጊቷን አመስግኜ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲያ የምለማመደው እኔ ሆንኩ። በመጀመሪያው ቀን ድምፄ አልወጣም፤ ሲወጣም መንገደኛው ድንጋዩን አንስቷል። በሁለተኛው ቀን ቀድሜ ጀመርኩ። ሰው ከሩቅ ሲታየኝ ቀና ብዬ «እንደምን አደሩ፣ አባቴ» እላለሁ፣ እስኪሰሙኝ ደግሜ። ሰላምታ የተሰጠው ሰው መልስ መመለስ አለበት፤ የሚመልስ ሰው ደግሞ ቀና ብሎ ነው የሚሄደው። እነሱ ሳያጎነብሱ ሲቀርቡ ውሻው ድርቆሹን ከእጄ ይወስዳል። «ከብቱ ደህና?» ይሉኛል። ከብት የለንም። «ደህና ነው» እላለሁ።

አንድ ቀን ማር ጭነው የመጡ ሽማግሌ ውሻውን ለዩት።

«አባትሽስ ደህና ነው?»

«ሞቷል።»

አህያቸውን አቆሙ። «ነፍስ ይማር» አሉ። ውሻው እግራቸው አጠገብ የወደቀ ድርቆሽ ይፈልግ ነበር። እኔ ያሰብኩት፣ ይህን ያህል ቀርቦ አልጮኸም ብዬ ነው።

ሙት ዓመቱ ሳምንት ሲቀረው አጎቴ ሳይነግሩን መንገድ ላይ ጠበቁን። ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ዱላ ይዘው ፊት ለፊት መጡ። በአረማመዳቸው አወቅኳቸው። እንደማንኛውም መንገደኛ ቆጥሬያቸው ከሩቅ «እንደምን አደሩ» አልኩ። አልመለሱም። ጎንበስ ብለው ድንጋይ አነሱ።

ሰላም ተብሎ ድንጋይ የሚያነሳ ሰው እስከዚያ ቀን አላጋጠመንም፤ ውሻውን ለዚያ አላዘጋጀሁትም። ጮኸ። ገመዱ እጄ ላይ ጠበቀ። ሥጋውና መርዙ ታየኝ፤ እንደሌላ ሰው ጉዳይ ከሩቅ ታየኝ። ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረ ቀጠልኩ፦ «ልጆቹ ደህና ናቸው?»

ውሻው ቀና ብሎ ድርቆሽ የምሰጥበትን እጄን አየ። ፀጉሩ እንደቆመ ነው፤ ግን አልደገመም። አጎቴ ድንጋዩን እንደያዙ አጠገባችን ደረሱ።

«ስንቴ ጮኸ?»

«አንዴ።»

«እኔም ድንጋይ ቢያነሱብኝ አንዴ እጮሃለሁ።» ድንጋዩን ጣሉትና እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ልጆቹ ደህና ናቸው። ከብቱንስ አትጠይቂም?»

«ከብቱስ ደህና ነው፣ ጋሼ?»

«ደህና ነው። ውሻው ይቀመጥ። ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ።»

ወደ ቤታችን ቀድመውን ሄዱ። ደስታው ይመጣ እንደሆነ ጥቂት ቆሜ ጠበቅኩ። ውሻው ሊከተላቸው ገመዱን ሲስብ፣ እኔም ሄድኩ።