የጦይባ ክፍል

ጦይባ ሰይድ ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል። የሚያውቋት ሁሉ ያን ጊዜ አጠገቧ አይደርሱም። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሃን ግን ይህን አታውቅም ነበር። ብታውቅ ኖሮ ያን ጉድ እየሳቀች አትነግራትም ነበር።

ጦይባ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከመጣች በኋላ ዌሪቢ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እያሸገች፣ ጎን ለጎን እየተማረች የመምህርነት ፈቃዷን አወጣች። የምትኖረው አስኮት ቬል ነው፣ ከባሏ ከሙእሚንና ከልጆቿ ጋር። ከከተማው በስተምሥራቅ ኮሪያውያን የከፈቱት የቅዳሜ ትምህርት ቤት አለ፤ በቅርቡ ከአገራቸው የመጡ ሕፃናት እንግሊዝኛ ይማሩበታል። እዚያ ማስተማር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት። እሷ ኮሪያኛ አትችል፣ እነሱ አማርኛ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቁ፤ በሁለቱም ባልሆነ ቋንቋ ተግባቡ፣ ተዋደዱም።

ወላጆች ሌላ ጊዜ ልጆቻቸውን በር ላይ አድርሰው ነው የሚመለሱት፤ ዘንድሮ ግን እንደ አገራቸው ደንብ አንድ ቀን ክፍል ገብተው፣ ከኋላ ተደርድረው ትምህርቱን እንዲመለከቱ ተወሰነ። ቀላል ቀን አይደለም። አባቶች ከረባት አስረው ነው የሚመጡት። ጦይባም ልጆቹን ለዚያ ቀን ስታዘጋጅ ከረመች። ዋዜማው ላይ ወይዘሮ ሃን ቢሮዋ ጠራቻትና እየሳቀች አንድ ካርቶን መንደሪን በስጦታ አስታቀፈቻት።

"ነገ ፊት ለፊት የሚቆመው ጆሽ ነው። አንቺ ከኋላ ሆነሽ ታግዢዋለሽ። ወላጆች አውስትራሊያዊ መምህር ማየት ይወዳሉ፤ መቼም ትረጂኛለሽ።"

"እኔስ አውስትራሊያዊት አይደለሁም?" አለች ጦይባ በቀስታ።

"ትረጂኛለሽ" አለች ወይዘሮ ሃን ደግማ።

ጆሽ ማን መሰላችሁ? የወይዘሮ ሃን ጎረቤት፣ መዋኛ ገንዳ ላይ ዋናተኛ የሚጠብቅ ጎረምሳ! አስተምሮ አያውቅም። ፀጉሩ ወርቃማ፣ ዓይኑ ሰማያዊ ነው፤ የማስተማር ማስረጃው ይኸው ነው።

ሙእሚን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ቆይቶ ግን "የሥራ ሺፍቴን ካንስል እያደረጉብኝ ነው፣ የቤቱ ሬንትም ጨምሯል። አንድ ቀን ነው፣ ቻይው በቃ" አላት።

"አንተ ብትሆን ትችለው ነበር?"

እንዲህ ብትለውም ለቤቷ ስትል ልትችለው ወሰነች።

በማግሥቱ ከወላጆቹ ጎን፣ ጥግ ላይ ቆመች። የክፍሉ አለቃ የሆነችው ትንሽ ልጅ እንደ ደንባቸው "ተነሡ!" አለች፤ ልጆቹም ተነሥተው ለጆሽ እጅ ነሡ። ጦይባ ጥርሷን ነከሰች። የሁለት ዓመት ልፋቷን ክብር አንድ የዋና ገንዳ ጠባቂ ቆሞ ሲወስድባት አየች።

ጆሽ በፈገግታ ጥያቄ ጀመረ። ተራው ሚንጁን የሚባል የስምንት ዓመት ልጅ ጋ ደረሰ። ሚንጁን ምላሱ ይያዛል። ጦይባ ዝም ብላ ስትጠብቀው፣ ሳይቸኩል ሲናገር ነው የከረመው። ጆሽ ግን ይህን ከየት ይወቀው? ልጁ የመጀመሪያዋን ቃል ሲደጋግማት "እሺ ጎበዝ፣ ቀጣይ!" ብሎ ሳቀ። ወላጆቹም አብረው ሳቁ። ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ይቺን አልቻለችም። በእሷ ላይ የተሠራውን ሁሉ ልትውጠው ነበር፤ ይህ ግን በልጁ ላይ ነው።

"ሳይጨርስ አያልፍም" አለች። በወንበሮቹ መካከል አልፋ ሚንጁን አጠገብ ተንበረከከች። ልጁ ዓይን ዓይኗን እያየ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ተናገረ።

የልጁ አባት ከኋላ በተሰባበረ እንግሊዝኛ "እሷ ማን ናት?" ብሎ ጠየቀ።

"ረዳታችን ናት" አለች ወይዘሮ ሃን ፈጠን ብላ።

ጦይባ ብድግ አለች። "ረዳት አይደለሁም። ልጆቻችሁን ሁለት ዓመት ያስተማርኩ እኔ ነኝ። ወይዘሮ ሃን፣ በቋንቋችሁ ንገሪያቸው።"

"በኋላ እንነጋገራለን።"

"አሁን!" ድምፅዋ ከሹክሹክታ አይበልጥም ነበር።

ወይዘሮ ሃን አቀርቅራ በኮሪያኛ ተናገረች። ሁለት እናቶች የልጆቻቸውን እጅ ይዘው ወጡ። ይውጡ! የሚንጁን አባት ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ ጦይባ ግን ገና ስለበገነች አጸፋውን አልመለሰችም። ሥራዋ ከዛሬ እንደማያልፍ ታውቃለች። ማርከሩን ከጆሽ እጅ ወሰደችና ስሟን ከነአባቷ፣ በትልልቁ፣ ሰሌዳው ላይ ጻፈች።

"ቀጣይ ተራ የማን ነው?" አለች።