በረዶ የማይዘጋው ወደብ

ባለፈው ማክሰኞ የልጅ ልጄ ናኦሚ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። የሁለት የሚራራቁ አገሮችን የአየር ንብረትና አቀማመጥ እንድታወዳድር ታዝዛለች። አንዱ ኬንያ ነው፤ ሌላው ኖርዌይ። አስተማሪዋ ናት አሉ የመረጠችላት፤ ምነው ሌላ አገር ቢጠፋ ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ። ናይሮቢ በሐምሌ ፀሐይ አታይም። ደመናው ሰፈራችን ሳውዝ ሲ ላይ ተኝቶ ይውላል፣ እኛም ቤት ውስጥ ሹራብ ደርበን እንቀመጣለን። ባለቤቴ ሣራ ከጠረጴዛው ማዶ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ሳትል፣ «አባባሽን ጠይቂው፤ እናቴን ከኖርዌይ ብርድ ያዳናት እሱ ነው» አለቻት።

ይህችን አባባል ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰምቻታለሁ። በሠርጋችን ቀን ተብላለች፣ በአማቴ ቀብር ላይ ተብላለች። በሰማኋት ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ፤ ሰዎች ትሕትና ይመስላቸዋል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ሳውዝ ሲ፣ እንደ እኔው ስደተኛ ከሆኑ አራት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ እኖር ነበር። ሥራ የለኝም፤ ያለኝ እንግሊዝኛ ብቻ ነው። አገር ቤት መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ጂኦግራፊ ጀምሬ ስላቋረጥኩ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ምእመን የውጭ አገር ደብዳቤ የደረሰው ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። እኔም ያላየሁትን አገር እንደ ሰፈሬ እተነትናለሁ፤ የት ዝናብ እንደሚበዛ፣ የት ሐይቁ ላይ በእግር እንደሚኬድ። አዋቂዎች ሳይቀሩ ወንበር ይለቁልኝ ነበር። ክብሩ ጣፍጦኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

የሣራ እናት፣ እትዬ ወርቅነሽ፣ እኛው ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ ነበሩ። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸው፣ ደረጃውን ግድግዳ እየተደገፉ አንድ በአንድ ነበር የሚወጡት። ሣራ መሃል ከተማ ጨርቅ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ምኞቷ ግን ነርስ መሆን ነው። አመሻሹ ላይ ማታቱ ከሚሉት ሚኒባስ ስትወርድ እኔ በአጋጣሚ ያለፍኩ መስዬ መንገዱ ዳር እገኛለሁ። ማንዳዚ የሚሉትን ትኩስ የተጠበሰ ሊጥ በጋዜጣ ጠቅልለን፣ ዘይቱ ጣታችን ላይ እየቀረ፣ ቀስ ብለን ወደ ቤት እንመለሳለን። ስለ ፍቅር አንዲት ቃል አልወጣኝም።

እንግዲህ በዚያው ሐምሌ እናትና ልጅን ኖርዌይ በስደተኝነት ተቀበለቻቸው። በርገን የምትባል ከተማ ተመድበዋል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ መጥተው ይፈርሙ ይላል ደብዳቤው። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። እትዬ ወርቅነሽ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ይህ ጉልበት ያንን ብርድ ይችለው እንደሆነ አጣርቼ በሦስተኛው ቀን እንድነግራቸው።

መሃል ከተማ ካለ ቤተ መጻሕፍት አንድ ትልቅ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ተዋስኩ። የፈለግሁት ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ነበር። ከላይ ስለ ሰሜኑ ይላል፤ ፀሐይ ለሁለት ወር ያህል አትወጣም፣ ምድሩ በረዶ ነው። ከታች ስለ በርገንና ስለ ምዕራቡ ዳርቻ ይላል፤ ከሩቅ የሚመጣ ሞቅ ያለ የባሕር ውሃ ይደርሰዋል፣ ዝናቡ ይበዛል እንጂ ብርዱ እንደሚፈራው አይደለም፣ ወደቡን በረዶ አይዘጋውም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወደ ቤት ስመለስ ማታቱ ውስጥ ሳስብ የነበረው ስለ እትዬ ወርቅነሽ ጉልበት አልነበረም፤ ሣራ ከሄደች በኋላ መንገዱ ዳር ቆሜ የማንን መምጣት እንደምጠብቅ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሣራ ሥራ ላይ ነበረች። መጽሐፉን እትዬ ወርቅነሽ ጭን ላይ ዘርግቼ የላዩን ተረጎምኩ። የታችኛውን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። እሳቸው እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ጣቴ ምንም አያስፈልግም ነበር። እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝ ያ ጣት ነው፤ ተሳስቼ ነው እንዳልል ይመሰክርብኛል።

ሰሙኝና መጽሐፉን ከደኑት። «ልጄ፣ ሦስት ቀን ጾሜ ጌታን ለምኜዋለሁ፤ በዚህ ልጅ አፍ ንገረኝ ብዬው ነበር። ይኸው ነገረኝ» አሉ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ጾማቸውን ሊፈቱ ዳቦ ቆረሱ፣ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእኔ ሰጡኝ፤ በላሁት።

እሑድ በምስክርነት ሰዓት መድረኩ ላይ ወጡ። ጌታ እንዴት እንደመለሰላቸው፣ በማን እንደመለሰላቸው፣ በጣታቸው ወደ እኔ እያመለከቱ ተናገሩ። አዳራሹ «አሜን» አለ፤ እኔም አልኩ። ሣራ ከመዘምራን መሃል ሆና ታለቅስ ነበር። እዚያ እማረዋለሁ ያለችውን የነርስነት ነገር ከዚያ ቀን በኋላ አንስታው አታውቅም፤ እናቷ ከጌታ ሰማሁ ካሉ እሷ ምን ትበል?

ሳይፈርሙ ቀሩ፤ ሌላ አገርም አልመጣላቸውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ተጋባን። አማቴ ያንን ደረጃ አሥራ አንድ ዓመት ወጥተው፣ መውጣት ሲያቅታቸው ቤት ውለው፣ በሐምሌ ብርድ አረፉ። ሣራ ጡረታ እስክትወጣ ጨርቅ ሸጠች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስተኛ ነበርኩ፤ በተሰረቀ ነገር ጥሩ ኑሮ ኖርኩ።

ማክሰኞ ዕለት ናኦሚ ከስልኳ ላይ እያነበበች፣ «አባባ፣ ኮስቱ ላይ ዋርም ነው ይላል። በርገን የሚባል ሲቲ አለ፣ ወደቡን በረዶ አይዘጋውም። ዳርክ የሚሆነው ሰሜኑ ብቻ ነው» አለችኝ።

የሣራ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ። «በርገን እኛ የተመደብንበት አይደል?» አለች። ነው አልኳት።

«ያኔ ይኼን ታውቅ ነበር?»

መጽሐፉ አሮጌ ነበር ማለት እችል ነበር። «አውቅ ነበር» አልኩ።

ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ማታቱ መውረጃው ላይ ማን ይጠብቃት እንደነበር ታውቃለች። ምስሩን ለቅማ ጨረሰች፣ ናኦሚን በደንብ አድርገሽ ጻፊው አለቻት። ሰፌዱን ይዛ ስትነሳ ነው ወደ እኔ ዞር ያለችው። «እሑድ እናቴ በቆመችበት ቆመህ ትናገራለህ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ወትሮዋ ሻዩን ታቀርብልኛለች፣ ሹራቤን ታጥባለች።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። በዚያ ቀን አብረውን «አሜን» ካሉት መካከል ናይሮቢ የቀሩት አራት ወይም አምስት ቢሆኑ ነው፤ የምፈራው ግን እነሱን አይደለም። ሣራ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ከመድረኩ በግልጽ ትታያለች። ቀኑን ሙሉ መግቢያ ቃል ስፈልግ ዋልኩ፤ ወጣት ነበርኩ፣ አፈቅራት ነበር የሚለውን ሁሉ ሞክሬ ጣልኩት። ከአውራ ጣቴ እጀምራለሁ።