የበተኑብኝ የወሊድ ቦርሳ

ባለፈው ሳምንት ቀበሌ ለስብሰባ ጠራን። እኔ ወይ መዋጮ ነው ወይ የጽዳት ዘመቻ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ስልጠና ኖሯል። ከላይ የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ ፕሮጀክተሩን አብርቶ ግድግዳው ላይ አንድ ቀይ ቦርሳ አሳየን። “የድንገተኛ ጊዜ ቦርሳ ይባላል” አለን። ባትሪ፣ የታሸገ ምግብ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ፣ ፊሽካ። ፊሽካ ሲል ከኋላዬ አንዱ “ዳኛ ልንሆን ነው እንዴ?” አለና አዳራሹ ሳቀ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ከምሯ ጠየቀች፤ “እኛ ተራ ሰዎች ምን ቆርጦን ነው ቦርሳ ጠቅልለን ደጃፍ ላይ የምናስቀምጠው? ጎረቤት ምን ይለናል?”

ልጁ ፈገግ አለ። “አያችሁ፣ ችግራችን ይሄ ነው። ማኅበረሰባችን የዝግጁነት ባህል የለውም። የአመለካከት ጋፕ አለ” አለ።

ደሜ ፈላ። አጠገቤ የተቀመጠው ባለቤቴ አድማሱ ገብቶታል መሰለኝ ጉልበቴን ያዝ አድርጎ “ተይ” አለኝ በሹክሹክታ። እንዴት ነው የምተወው? የዝግጁነት ባህል የለውም ነው እኮ የሚለኝ! እኔ ተዘጋጅቼ ነበር። ያውም ይህ ልጅ ሳይወለድ፣ ፕሮጀክተር የሚባል ነገር በዓይናችን ሳናይ።

ያኔ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። ከዋጫ ተድሬ ማንኪራ፣ የአድማሱ እናት ቤት ከገባሁ ብዙ አልቆየሁም። ማንኪራ ጫካ ነው፤ ቡናው ሰው ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፣ ቀፎው ከላይ ይሰቀላል፣ ሰው ከታች በቀጭን መንገድ ይሄዳል። መንገድ ስል መንገድ እንዳይመስላችሁ። በበጋ አቧራውን እያቦነነ ያስኬዳል፤ ዝናብ ከነካው ግን ጫማ አውልቆ የሚያስቀር ጭቃ ነው። ነፍሰ ጡር ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ ማር ተሸክሜ ቦንጋ ገበያ እወርድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሆዴ እየገፋ ሲሄድ ፈራ ተባ እያልኩ ክሊኒክ ገባሁ። እዚያ ያገኘኋት ሲስተር የሩቅ አገር ሰው ናት፣ ፈጣን አማርኛ ነው የምትናገረው። የእኔ አማርኛ ያኔ ስብርብር ያለ ነበር፤ አፌን የፈታሁት በአገሬ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው። እስኪገባኝ ድረስ ደጋግማ፣ ቀስ እያለች አስረዳችኝ፣ እግዜር ይስጣት። “የመጀመሪያሽ ነው፤ መንገዳችሁም ክፉ ነው። ምጡ መንገድ ላይ ቢይዝሽስ?” አለችኝ። ንጹሕ ጨርቅ፣ ሳሙና፣ ክር፣ አዲስ ምላጭ፣ ለዝናቡ ላስቲክ። ምላጩን “ከወረቀቱ እንዳታወጪው፤ እትብቱ በሌላ ነገር እንዳይቆረጥ” ብላ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀችኝ።

የዚያኑ ዕለት ገዛሁ። ላስቲኩን ነጋዴው ከጥቅሉ ላይ ሲቆርጥልኝ ሰፋ አድርገው ብዬ መለመኔ ትዝ ይለኛል። ቤት ገብቼ ሁሉንም አባቴ ለሰርጌ በገዛልኝ ባለ ዚፕ ቡናማ ቦርሳ ውስጥ አጣጥፌ አልጋ ሥር ከተትኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ስለ ወሊድ በአማት ፊት ማውራት በዚያ ቤት ነውር ነበር። ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው ቆጠርኩ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ከአድማሱ ጋር ተኳርፈን ዋጫ አባቴ ቤት ሄጄ ነበር። በምን እንደተኳረፍን አሁን ጠይቁኝ፤ ረስቼዋለሁ። ሽማግሌ ልኮ መለሰኝ። እንግዲህ አማቴ ቤት ስትጠርግ አልጋ ሥር ያ ከአባቴ ቤት ይዤው የመጣሁት ቦርሳ ጢም ብሎ ሞልቶ ስታገኘው ምን እንደታያት ገምቱ።

ውኃ ቀድቼ ስመለስ ዕቃዬ ሁሉ አልጋው ላይ ተዘርግፏል።

“የት ልትሄጂ ነው?” አለችኝ።

“የትም አልሄድም እማማ። ለወሊድ ነው። ሲስተር ናት ያዘዘችኝ።”

“ለወሊድ ቦርሳ? እኔ ይህን ሁሉ ልጅ ስወልድ የትኛውን ቦርሳ ይዤ ነበር? ቡና ለቀማው ሲደርስ ልጄን ጥለሽ ልትሄጂ ነው እንጂ!”

ማልኩ፣ ተገዘትኩ። ማን ይስማኝ! በማግሥቱ እነ ጋሽ ወልዴ ተጠሩ። ጋሽ ወልዴ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ክረምት ላይ ከዋጫ የመለሱኝም እሳቸው ነበሩ። ደጅ፣ ቡናው ከተሰጣበት ሰሌን አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ሆዴን ይዤ ፊታቸው ቆምኩ፤ ተቀመጪ ያለኝም የለም።

“ልጄ፣ ባለፈው አስታርቀንሽ ነበር። አሁን ደግሞ ዕቃ ጠቅልለሽ ተገኘሽ። ልብሽ ወጥቷል ማለት ነው” አሉኝ ጋሽ ወልዴ።

“ጋሼ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ለወሊድ ነው። ምላጩን ይዩት፣ ክሩን ይዩት። ባሏን ጥላ የምትሄድ ሴት ምላጭና ክር ምን ያደርግላታል?”

ምላጩን ከነወረቀቱ አገላብጠው አዩት። ነገሩ የገባቸው መስሎኝ ነበር። ግን “እሱም ቢሆን ደግ አይደለም። ያልመጣ ክፉ ነገርን መጥራት ነው” አሉ።

አያችሁልኝ? ልትሄድ ነው ካሉ ከዳተኛ፤ ልወልድ ነው ካልኩ ሟርተኛ። በየትኛው በር ልውጣ? አድማሱን አየሁት። በጭራሮ መሬቱን ይጭራል። ቀና ብሎ “ሚስቴ አትዋሽም” ቢል ምን ይጎድልበት ነበር? አላለም።

ፍርዱ ወጣ፤ ሰላም እስኪሰፍን ቦርሳው አማቴ ዘንድ ይቀመጥ፣ እኔም ይቅርታ ልጠይቅ። ያንን ሆድ ይዤ አጎንብሼ የአማቴን ጉልበት ሳምኩ። ምን አጥፍቼ? ከዚያ ደግሞ ለሽማግሌዎቹ ቆጮውን በቅቤና በጎመን፣ ማሩን በሳህን ያቀረብኩት እኔው ነኝ። እየበሉ መረቁኝ።

ዕቃው ተበተነ። ሳሙናው ታጠበበት። ለንጹሕ ጨርቅ የያዝኩትን ነጠላ አማቴ ቤተ ክርስቲያን ለብሳው ሄደች። ላስቲኩ ለቡናው ሆነ፤ በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ እየመጣ የተሰጣውን ቡና ያስፈራራ ነበርና። ምላጩን ደግሞ አማቴ መስተዋቱ አጠገብ አስቀመጠችው፤ እሁድ ጠዋት አድማሱ ጺሙን ተላጨበት። ፊቱ አምሮበት ነበር፣ አልዋሽም።

ምጡ የያዘኝ ቡና ስገለብጥ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሲያመኝ ዋለ። ልጁ አልመጣ ሲል አማቴም ደነገጠች፣ ይህን አልክድባትም። ሰው ሁሉ ጫካ ቡና እየለቀመ ስለነበር ጎረምሶቹ ተጠርተው እስኪሰበሰቡ ቀኑ ሄደ። ሁለት አጣና በጋቢ አስረው ቃሬዛ ሠሩልኝ። መኪና መንገድ አድርሰው ወደ ቦንጋ ሊወስዱኝ ነው። ልክ ሲያነሱኝ ዝናቡ ጀመረ፤ ያ ወፍራሙ የጫካ ዝናብ።

አማቴ ሮጣ ላስቲኩን ቡናው ላይ ዘረጋችው።

“አድማሱ፣ ላስቲኩን አልብሱኝ” አልኩ።

ዞሮ እናቱን አየ።

“ቡናው ከበሰበሰ ዓመቱን ምን ልንበላ ነው?” አለች። ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህ ነው ይበልጥ የሚያቃጥለኝ። ያ ቡና ዘይታችንም፣ ልብሳችንም፣ የአድማሱ ታናናሾች ደብተርም ነበር፤ አውቃለሁ። ግን አድማሱ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጎንበስ ብሎ የቃሬዛውን ጫፍ ትከሻው ላይ አደረገ። ወጣን።

ጋቢው ውኃ ጠጥቶ ከበደ። ተሸካሚዎቹ ቁልቁለቱ ላይ ይንሸራተታሉ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይይዛል፤ እኔ ከላይ በብርድ እንቀጠቀጣለሁ። መኪናው መንገድ ሳንደርስ ልጅቷ መጣች። አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አወረዱኝ። ከሌሎች ሴቶች ጋር አብራን የመጣችው ጎረቤታችን እትዬ አበበች ተቀበለቻት። “ምላጭ! ምላጭ የያዘ የለም?” እያለች ስትጮህ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። የያዘ የለም። አንዱ ጎረምሳ ጫካ ውስጥ ሐረግ ሲቆርጥበት የዋለውን ቢላ ከወገቡ አውጥቶ ሱሪው ላይ ጠርጎ ሰጣት።

ልጄ ግን አለቀሰች። ጥሩ አድርጋ አለቀሰች! ሴቶቹ እልል አሉ። “እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ ከተገላገልሽ ወዲያ ሐኪም ምን ያደርጋል” ብለው ወደ ቤት መለሱኝ። ገንፎ በቅቤ አበሉኝ። ልጅቷም ጡት ይዛ ትስብ ነበር፣ በኃይል ነበር የምትስበው። እኔም አለፈ ብዬ አመንኩ።

ሳምንት ገደማ ሲሆናት ጡት አልይዝ አለች። መንጋጋዋ ገጠመ። ስነካት ሰውነቷ እንደ እንጨት ይደርቃል። በሩጫ ቦንጋ ሆስፒታል ይዘናት ገባን። ዶክተሩ ገና እንዳያት “እትብቷ በምን ነበር የተቆረጠው?” ብሎ ጠየቀ። አድማሱ አቀረቀረ። አማቴ ናት የመለሰችው።

“በቢላ ነው ዶክተር። ምን እናድርግ፣ ድንገት ሆነብን።”

ድንገት! ዘጠኝ ወር ሙሉ ሆዴ ዓይናቸው ሥር ሲገፋ፣ ምላጩን አልጋ ላይ ዘርግፈው እያዩት፣ ሽማግሌ ተቀምጦ የተፈረደበት ነገር ድንገት? ልጄ እዚያው ሆስፒታል አረፈች። ክርስትና ሳትነሳ፣ ስም ሳይወጣላት ቀበሯት። ሊያስተዛዝኑኝ የመጡት ሁሉ “ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ” አሉኝ። እውነት ነው፣ ወለድኩ። ለእሷ ግን ምን ረባት? በዚያ ዓመት ቡናችን አንዲት ፍሬ አልሻገተም፤ ነጋዴው ሳይቀር አመሰገነው።

እንግዲህ ይህን ይዤ ነው ያ ልጅ የዝግጁነት ባህል የላችሁም ሲለኝ የሰማሁት። የአድማሱን እጅ ከጉልበቴ ላይ አንስቼ ተነሳሁ። “ስማ ልጄ” አልኩት፤ “ተራ ሰው ቦርሳ ያስፈልገዋል ወይ ለተባለው፣ አዎ ያስፈልገዋል። እኔ ነበረኝ። ለቡናው ሰሌን፣ ጆንያ፣ ላስቲክ ሁሌም የሚዘጋጅበት አገር ነው፤ ዝግጁነት አታውቁም አትበለን። የተዘጋጀችውን ሴት ነው የሚቀጡት። መጀመሪያ እሱን አስተምርልኝ፣ ፊሽካው ይቆይ!” ከዚያ አሳጥሬ ነገርኳቸው። ቦርሳውን፣ ሽማግሌውን፣ ዝናቡን፣ ልጄን።

ባለሙያው ሰዓቱን አየት አደረገ። ባለጌ አይደለም፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው የተናገረው። “እናታችን፣ በጣም ያሳዝናል። ግን ከአጀንዳው ትንሽ ወጣ ስለሚል በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር እንይዘዋለን።”

ልቀመጥ ስል አድማሱ ተነሳ። ይህ ሰው በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ አያውቅም። ሸብቷል፤ የወንበሩን ጫፍ ይዞ ነው የቆመው።

“ልዩ ልዩ ጉዳይ አይደለችም” አለ። “ልጃችን ናት። ሚስቴ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው።”

ሰው አጨበጨበ። እትዬ አበበች ከወዲያ ማዶ ተቀምጣ በነጠላዋ እንባዋን ስትጠርግ አየኋት። ወደ ቤት ስንሄድም ጎረቤቶቼ “እንዴት ያለ ባል ነው የሰጠሽ!” እያሉ አመሰገኑልኝ። እኔ ግን አላመሰገንኩትም። ያን አፉን ያን ቀን፣ እናቱና ጋሽ ወልዴ ፊት ከፍቶት ቢሆን ኖሮ ልጄ ዛሬ የልጆች እናት በሆነች ነበር።