ለእናቴ ትንፋሽ የተገጠመ ባትሪ

እናቴ ጠበል እገባለሁ ካለች ትገባለች። ዳንግላ ገበያ ላይ ድንች ሲገዛና ሲሸጥ እኔን በክርክር የሚረታኝ የለም ይላሉ፤ የሚሉት እናቴን ስለማያውቋት ነው።

«የሰባት ቀን ሱባኤ ተስያለሁ» አለችኝ፤ ነገሩ እዚያው አለቀ። ጠበሉ ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ፣ መብራት ያልደረሰበት ቦታ ነው። እናቴ ደግሞ አስም አለባት። ሲነሣባት መድኃኒቱን እንደ ጉም አድርጎ በጭንብል የሚሰጣት ትንሽ ማሽን አለ፤ በመብራት ነው የሚሠራው። እሱ ካልደረሰላት ከንፈሯ ይጠቁራል። አንድ ጊዜ ጥሊሊ ላይ አይቼዋለሁ፤ ደግሜ ማየት አልፈልግም።

«ማሽኑስ?» አልኋት።

«ጠበል እያለልኝ ማሽን ምን ያደርግልኛል?»

«እማየ፣ ጠበሉም ይኑር፣ ማሽኑም ይኑር።»

«እንግዲህ ነጋዴ አይደለህ? ሁለቱንም አምጣዋ።»

ድንች የማመላልስባት አሮጌ የመስክ መኪና አለችኝ። ጭቃ አይዛትም፣ ዳገት አትፈራም፣ ጭሷ ግን ከሩቅ ያስታውቃል። ይዣት ዳንግላ፣ የመኪና መብራት የሚሠራ ሰው ዘንድ ሄድሁና ሁለተኛ ባትሪ ግጠምልኝ አልሁት።

«ለምንድን ነው? ሙዚቃ ልታስገባ ነው?»

«ለእናቴ ነው።»

«እናትህ ሙዚቃ ይወዳሉ?»

ነገሩን ሳስረዳው ሳቁን ዋጠና ኮፈኑን ከፈተ። ባትሪውን በብረት አሰረው፤ ገመዱን እስከ ጋቢናው ሳበና ማሽኑ የሚሰካበትን፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን ኢንቨርተር ከመቀመጫው ሥር አስቀመጠ። በሁለቱ ባትሪዎች መካከል ሞተር ሲነሣ የሚያገናኝ፣ ሲጠፋ የሚለያይ ዕቃ አስገባ።

«አየህ፣ የድሮው ባትሪ ባለቤት ነው፣ ይኼኛው ተከራይ ነው። ተከራዩ ቢከስር ባለቤቱን አይነካውም፤ መኪናህ መነሣቷ አይቀርም። ብቻ ከማሽኑ ሌላ እንዳትሰካበት።»

«ሌላ ምን እሰካለሁ?» አልሁት።

ከጠበሉ በላይ መኪናዋን አቁሜ ከጎኗ ሸራ ወጠርሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደኅና ነበር። እናቴ ጠዋት ትጠመቃለች፣ ብርዱ ሲያፍናት ማሽኑን ትስባለች፤ እሷ ቅዳሴ ስትቆም እኔ መኪናዋን ወጣ ገባ አድርጌ ባትሪውን አስሞላለሁ። እንዲህ እንጨርሳለን ብዬ ነበር።

ከዚያ አንዲት አሮጊት ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው መጡ። ልጃቸው ሩቅ አገር ነው፣ ስልኩ ሞቶባቸዋል። እኔ በአማርኛ እምቢ ልል አፌን ስከፍት እናቴ በአዊኛ እሺ አለችልኝ። በማግስቱ ሸራው ደጃፍ ላይ ሰልፍ ሆነ። ባትሪው ተበላሽቷል ብዬ ለማስወራት ሞከርሁ።

«ኧረ ይሠራል፤ ጠዋት እኮ ተንፍሼበታለሁ» አለች እናቴ፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ።

«እማየ፣ ትንፋሽሽን ነው የምታከፋፍይው።»

«ጠበል ቦታ ላይ የእኔ የአንተ የለም። ካልሆነልህ ቆሰበር ግባና ድንችህን ሽጥ።»

ስልኩንስ ቻልሁት። አንድ ቀን ከሰዓት ግን የጠበሉ ቄስ መጡ። የስብከቱ ጄነሬተር ተበላሽቷል፣ ሕዝቡ ደግሞ ተሰብስቧል።

«ለአንድ ትምህርት ብቻ ነው ልጄ። ሞንታርቦዋ ትንሽ ናት።»

«አባ፣ ይኼ ባትሪ የእናቴ መተንፈሻ ነው።»

«እናትህ ፈቅደዋል።»

ዞር ብዬ ሳያት ጋቢዋን ተከናንባ ወደ ሐይቁ በኩል ታያለች። ሞንታርቦውን ሰካሁ። ከቄሱ ፊት እናቴን መሟገት አልችልም፤ ብችልም አልረታም። ሰባኪው ስለ ልግስና አስተማረ። ጥሩ ተናጋሪ ነበር፣ ረዘመ።

ሕዝቡ ሳይበተን እናቴን አስሙ ያዛት። ደግፌ ጋቢና አስገባኋት፣ ጭንብሉን አደረግሁላት፣ ማሽኑን አበራሁት። አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። ኢንቨርተሩ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ደረቷ እንደ ፉጨት ይጮኻል፤ እኔ ማብሪያውን ደጋግሜ እጫናለሁ፣ እንደሚለምኑት ሰው። ሰው ከበበን። ወደ ሆስፒታል ደውሉ ይባባላል፤ ሁሉም የሞላ ስልክ በእጁ ይዟል፣ ኔትወርክ ግን የለም።

ሞተሩን አስነሣሁ። ባለቤቱ ባትሪ አላሳፈረኝም፣ ማሽኑም መሥራት ጀመረ። ግን መኪናዋ የቆመችው ነፋሱ ከኋላ በሚመጣበት ነበር፤ ጥቁሩ ጭስ ዞሮ በመስኮቱ ገባ፣ እናቴ ጭንብሉን ገፍታ ትስል ጀመር። አጠፋሁት፤ ማሽኑ ቆመ። አስነሣሁት፤ ጭሱ መጣ። ካጠፋሁት አየር የለም፣ ካስነሣሁት ያለው አየር ጭስ ነው። ቁልፉን ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ።

«ምን ትጠብቃለህ? ንዳ እንጂ!» ብለው ቄሱ ኮፈኑን በመዳፋቸው መቱት። «ጭሱን ጥለኸው ሂድ!»

ነዳሁ። መንገዱ ድንጋይና ጉድጓድ ነው፤ ብፈጥን ማሽኑ ከጉልበቷ ይወድቃል፣ ባዘግም ጭሱ ይደርስብናል። ዞሬ ላያት አልችልም። የማሽኑን ድምፅና የደረቷን ፉጨት ብቻ እየሰማሁ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚቆም ሳላውቅ ነዳሁ። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ፉጨቱ ቀዝቀዝ ብሏል። ሳላማክራት መሪውን ወደ ቆሰበር ጠመዘዝሁ።

ጭንብሉን ከፍ አደረገችው። «ወዴት ነው?»

«ሆስፒታል።»

«ሱባኤዬን አልጨረስሁም።»

«እማየ፣ አሁን እኮ ልትሞቺ ነበር!»

«ሞትሁ?»

ወደ ቆሰበር መንዳቴን ቀጠልሁ።

«ካልሞትሁ መልሰኝ። አለበለዚያ እዚሁ እወርዳለሁ» ብላ እጇን ወደ በሩ እጀታ ሰደደች። ከንፈሯ ገና መልኩ አልተመለሰም።

ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ዳር ይዤ ቆምሁ። ሞተሩን ማጥፋት አልችልም፣ ማሽኑ እየሠራ ነው። ነዳጁም እያለቀ ነው። ወደ ጠበሉ አዞርሁ። ጭሱ እንዳይገባባት በእሷ በኩል ያለውን መስታወት ዘጋሁት።

«ክፈተው፣ ያፍነኛል» አለች።

ከፈትሁት።