ሰብዉፈሩን የሞከርንበት ቀን

የእህቴ ሠርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ቤታችን ውስጥ ሁሉም የየራሱን ጭንቀት ተከፋፍሎ ነበር። አባቴ የሚታረደውን ሰንጋ ያስባል፣ እናቴ በርበሬውን ታስባለች፣ እኔ ደግሞ ድምፁን አስባለሁ። ሳሎናችን ትልቅ ነው። አባቴ ለሐሙስ ወዳጃ፣ ለዱዓ ስብስቡ፣ የሚመጣው ሰው ደጅ እንዳይቀር ብሎ ሁለት ክፍል አፍርሶ አንድ ያደረገው ነው። መንዙማውም ዱዓውም እዚያ ይካሄዳል፣ ከሚሴ ውስጥ እንደሱ ሰፊ ሳሎን ያለው ቤት ብዙ አልነበረም። የድሮው ቴፓችን እዚያ ውስጥ ሲዘፍን ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ይመስላል። የሙሽራዋ ታላቅ ወንድምና የፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ በእንግዳ ፊት እንዲህ ያለ ድምፅ አላሰማም ብዬ ተነሳሁ።

አቅሜ ግን የአስተማሪ አቅም ነበር። ገበያው ዳር ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ሰውዬ ጋ ሄጄ ርካሽ ሰብዉፈር አሳየኝ አልኩት። ሁለት አወጣልኝ። አንዱ ትንሽ፣ ፊቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ፣ ፍላሽ የሚቀበል ነው። ሌላው ጠርዙ የተፋቀ፣ መብራት የሚባል ነገር የሌለው፣ ለሁለት ሰው ሸክም የሆነ የእንጨት ሣጥን ነው። ትንሹን ሲከፍተው መደርደሪያው ላይ ያሉት ባትሪዎች ተንቀጠቀጡ፣ ጥርሴም ተንቀጠቀጠ። ልገዛው እጄን ኪሴ ከትቼ ነበር። ከዚያ ሱቁን ዙሪያውን አየሁት፤ እጆቼን ብዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ እነካለሁ። እንዲህ ባለ ሱቅ ውስጥ ትንኝም ቤዝ አላት።

«ዋስትና አለው?» አልኩት።

«የባቲ ኮንትሮባንድ ነው እኮ፣ ዋስትናው አላህ ነው» አለኝ። ከዚያ ፊቴን አይቶ ራራልኝ። «ሁለቱንም ውሰድና ሳሎንህ ውስጥ ሞክር። እስከ መግሪብ ያልፈለግከውን መልስልኝ።»

ሁለቱንም በባጃጅ ጭኜ ቤት ስገባ እቴቴ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነበር። እቴቴ የምንላት ከአጥራችን ጀርባ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ናት። በሰፈሩ ሠርግ ሁሉ ድቤ የምትመታው እሷ ናት። እሷ እጇን ካላነሳች ሠርጉ ሠርግ አይመስልም፤ ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት እንድትሰማልኝ የለመንኳት እኔው ነኝ።

«አካም ኦልቴ፣ ኢልማ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ እንዴት ዋልክ ማለቷ ነው። በአንድ እጇ መወልወያ ጨርቅ ይዛለች፣ በሌላው ስልኳን።

ስለ ስልኩ መናገር አለብኝ። እቴቴ አንድ ልጅ ብቻ ነበራት። ከአራት ወር በፊት ያለፈቃዷ ጊደሯን ሸጦ ወደ ሳዑዲ መንገድ ወጣ። በባቲ ወርዶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ከጅቡቲ ጠረፍ በጀልባ ሊሻገር ነው። ከመንገድ ደውሎ «አውፍ በይኝ» ሲላት «አልልህም» ብላ ዘጋችበት። አውፍ በእኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። የእናቱን ይቅርታ ሳይዝ አፈር የገባ ሰው መንገዱ ይከብደዋል ይባላል። እሷም ይህን ታውቃለች፣ ግን እልኸኛ ናት። «እሱ ይደውል እንጂ እኔ አልደውልም» ትላለች፤ ትበል እንጂ ስልኳን ለውዱእ ስትታጠብ እንኳ ከአጠገቧ አታርቀውም።

ትንሹን በቲቪው ሥር አስቀምጬ ከፈትኩት። ሱቅ ውስጥ አንበሳ የነበረው ሳሎናችን ውስጥ ድመት ሆነ። መብራቱ ይጨፍራል፣ ድምፁ ግን መሃል ምንጣፉ ላይ ሳይደርስ ይሞታል። ከፍ ሳደርገው ያፏጫል። እቴቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ይሄ ይጮሃል እንጂ አይመታም።»

ከዚያ ተነስታ በእግሯ ገፋ አደረገችውና «ጥግ አስጠጋው፣ ድቤ ሜዳ ላይ አይመታም፤ ግድግዳ ይፈልጋል» አለችኝ። እሷ በየሠርጉ ጥግ ይዛ የምትቀመጠው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። እኔ ስለ ድምፅ ሞገድ ለተማሪዎች ሳስተምር ስንት ዓመቴ፣ ይህን ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ጥግ ስናስጠጋው ትንሽ ተሻለው፣ ግን ትንሽ ብቻ። ትልቁን ጎትተን እዚያው ጥግ አስቀምጠን ስከፍተው የመስኮቱ መስታወት አጉረመረመ። እቴቴ ስልኳን ሣጥኑ ላይ አስቀምጣ መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች።

በዚህ መሃል አባቴ ከዐስር ሶላት ተመልሶ በር ላይ ቆሞ ጠራኝ። ስወጣ ብቻውን አልነበረም። ሁለት የመስጊዱ ሽማግሌዎች ከአጥሩ ተጠግተው ቆመዋል፣ ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«እቴቴ እናንተ ጋ ናት?» አለኝ አንደኛው።

«አዎ፣ ውስጥ ናት።»

«ልጇ አልፏል። ጀልባውን ሲጠብቁ፣ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ ትኩሳት ጨረሰው። አብሮት የነበረው ልጅ ለአንድ ነጋዴ ደውሎ ነው የሰማነው።»

«ኢና ሊላሂ» አልኩ። አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ወንድሟ ባቲ ነው፣ ሰው ተልኮበታል፣ ማታ ይገባል። መርዶ ደግሞ ያለ ሥጋ ዘመድ አይነገርም፣ በምሽትም አይነገርም። ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሽማግሌ ተሰብስቦ ያረዳታል። እስከዚያ ከእኛ ቤት መውጣት የለባትም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፣ መንገድ ላይ አንዷ ብታለቅስባት አለቀ።

«ልዝጋው እንዴ?» አልኩት አባቴን።

«ምኑን?»

«ድምፁን።»

አባቴ ወደ ሳሎኑ መስኮት አየ። «ከዘጋኸው ትጠይቅሃለች። እንደጀመርክ ቀጥል።»

ያን ጊዜ የተሰማኝ ፍርሃት ነው። ኀዘኑ ኋላ ነው የመጣው። ከበሩ እስከ ጥጉ ያለው መንገድ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ሰፊ ሳሎን መጥፎ ነው፤ ሰው ፊትህን እያየ ረጅም መንገድ ትሄዳለህ።

«ምን ሆንክ? ሰውዬው ዕቃዬን መልስ አለህ?» አለችኝ።

«አይ፣ እስከ መግሪብ ነው የሰጠኝ።»

«እንግዲያው ፊትህን ፍታ። የሠርግ ቤት ነው።»

ፈታሁት፤ እንዴት እንደፈታሁት ግን አላውቅም። አንዴ ትንሹን፣ አንዴ ትልቁን እየለዋወጥኩ ገመድ ነቅዬ ገመድ እሰካለሁ። ስለማይረባ ነገር አወራለሁ። ይሄ ብዙ መብራት ይበላል፣ ያኛው አቧራ ይይዛል እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤ ቤቱ ሁሉ እንደዚያ ሆነ። እናቴ ጓዳ ሆና ከአባቴ ሰምታለች። የቡና ትሪ ይዛ ልትገባ ስትል እቴቴን አየቻትና ትሪውን እንደያዘች ተመለሰች። እህቴ ጭራሽ ከክፍሏ አልወጣችም።

«ሙሽራዋስ? ድምፁን አትሰማም?» አለች እቴቴ።

«ራሷን አሟታል» አልኳት።

«ሙሽራ ሁሌ ራሷን ያማታል» ብላ ሳቀች። ከዚያ የእኛን ድቤ ከግድግዳው ላይ አውርጂልኝ ብላ ወደ ጓዳ ተጣራች፤ መልስ ስታጣ ራሷ ተነስታ አወረደችው። ሣጥኑ ከእጇ ጋር እኩል መሄድ አለመሄዱን ልታይ ነው። ጉልበቷ መሃል ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከሣጥኑ የሚወጣውን መንዙማ እየተከተለች ትመታ ጀመር። ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ልጇ የሞተባት ሴት ድቤ እየመታች ነው፤ ያስመታኋት ደግሞ እኔ ነኝ። አባቴ ግን ቀጥል ብሏል።

ከዚያ ትልቁ ሣጥን ከመንዙማው መሃል «ድድድ፣ ድድድ፣ ድርርር» የሚል ሌላ ድምፅ አወጣ። ሞባይል ሊጠራ ሲል አጠገቡ ያለ ስፒከር ቀድሞ እንዲህ ይንጣጣል። ስልኳ ሣጥኑ ላይ ነበር። እሷ ድቤውን አቅፋለች፣ እኔ ቅርብ ነበርኩ። ከመጥራቱ በፊት አነሳሁት። ቁጥሩ ረጅም ነው፣ የአገር ውስጥ ቁጥር አይደለም። ማን እንደሆነ ገመትኩ። ያ አብሮት የነበረ ልጅ ነው፤ ሽማግሌው ሳይደርስ፣ ወንድሟ ሳይገባ፣ በስልክ «ልጅሽ ሞተ» ሊላት ነው። ዘጋሁት።

«ማን ነው?» አለችኝ። ቁጥር አታነብም።

«የተሳሳተ ነው።»

ሣጥኑ እንደገና ተንጣጣ። እንደገና ዘጋሁትና ስልኩን ጭራሽ አጠፋሁት። «ስልክ ድምፁን ያበላሸዋል እቴቴ። መርጠን እስክንጨርስ እኔ ጋ ይቆይ» ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

እጇ ድቤው ላይ ቆመ። «እሱ ቢሆንስ?»

አራት ወር ሙሉ እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም። «እሱ ከሆነ መልሶ ይደውላል» አልኳት።

«ልክ ነህ። ይደውል» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ለእኔም ለራሷም በማይመስል ድምፅ፣ «ዛሬ ቢያገኘኝ አውፍ እለው ነበር፤ ልቤ ረጥቧል» አለች። ከዚያ ወደ ትልቁ ሣጥን በአገጯ አመለከተች። «ኩን ጋሪዳ፣ ይሄ ጥሩ ነው። ይሄን ውሰድ። መልክ የለውም፣ ሆድ ግን አለው።»

አልዋሽም፣ ያን ጊዜ በራሴ ኮርቼ ነበር። አንድን ክፉ ወሬ በሁለት ጣቴ ያስቀረሁ መሰለኝ። እናቴም ከመግሪብ በኋላ በርበሬ እንለቅማለን ብላ እኛ ጋ አሳደረቻት። ስልኳን ስትጠይቀኝ ቻርጅ ላይ ነው አልኳት።

ጠዋት ወንድሟና ሽማግሌዎቹ ገብተው ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። እቴቴ ወንድሟን ስታይ ሁሉም ገባት። ትልቁ ሽማግሌ «የሰጠው አላህ ነው፣ የወሰደውም አላህ ነው፤ ልጅሽ ቀድሞሻል» አላት። ሁላችንም ለለቅሶው ተዘጋጅተን ነበር። አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞረች።

«ስልኬን አምጣው።»

ከኪሴ አወጣሁት። አበራሁት።

«የትናንቱን ደውልልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ደወልኩና ሰጠኋት። ክፍሉ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ ከዚያኛው ወገን ያለው ልጅ የሚለውን ሁላችንም ሰማን።

«ትናንት ደውዬልሽ ነበር እናቴ፣ ሁለቴ። አጥበን ከፍነን ለቀብር እያሰናዳነው ነበር። ሳይሞት አደራ ብሎኝ ነበር። እናቴ አውፍ ስትለኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርግልኝ፣ ብሞትም ቢሆን አድርግልኝ ብሎኝ ነበር። ተዘጋብኝ። ሙቀቱ አያቆይም፣ ቀበርነው።»

«መቃብሩ ቅርብህ ነው?» አለችው።

«ሌሊት ደላሎቹ ወደ ጀልባው ወስደውናል። ሩቅ ቀርቷል እናቴ።»

ስልኩን ዝቅ አደረገችው። ከዚያ ያወጣችው ድምፅ ያን ሳሎን ሞላው።

ሁለቱንም ሣጥኖች በዚያው ቀን መለስኩ። ባለሱቁ ለምን ከመግሪብ አሳለፍክ አላለኝም፣ እሱም ሰምቷል። ሠርጉ ወደ ኋላ ተገፋ፣ ኋላም በዱዓ ብቻ አለፈ። አባቴ ደጋግሞ «የታዘዝከውን ነው ያደረግከው» ይለኛል። ቀጥል ያለኝ እውነት ነው። ስልኩን ዝጋ ብሎ ግን ማንም አላዘዘኝም። የተሳሳተ ነው ያልኩትም፣ መልሶ ይደውላል ያልኩትም እኔ ነኝ። መልሶ እንደማይደውል እያወቅሁ ነው ያልኩት። መርዶን በወጉ ማድረስ ደግ ልማድ ነው፣ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ያን ቀን ግን ከወጉ አልፌ በእናትና በልጅ መሃል የገባሁት እኔ ነኝ።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ብቻዋን ስትሆን ጠብቄ ቤቷ ገባሁ። ደጁ ላይ ማሽላ ታበጥራለች። አጠገቧ ተንበርክኬ «አውፍ በይኝ እቴቴ» አልኳት። ሰፌዱን አላስቀመጠችም። እብቁን እፍ አለችው።

«አንተን ያን ዕለት አውፍ ብዬሃለሁ» አለችኝ። «ያልደረሰው ለእሱ ነው።»