የረቡዕ ጥብስ

ዛሬ ረቡዕ መሆኑን ረስቼ ጥብስ አዘዝኩ። ይህቺን አጭር ነገር ለመጻፍ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አስቀምጬ ሦስት ጊዜ አንስቻለሁ። ባለፈው ዓመት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ብድግ ብዬ፣ «በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው ነገ ደግሞ ዶሮም ትዋኛለች ይላል» ስል ሰውን ሁሉ ያሳቅኩና የወጥ ቤቷን ኃላፊ ያስቀየምኩ እኔው ነኝ። ሴትዮዋ የዚያን ቀን ዓሣ ጠብሳ ነበር። እንግዲህ ዓሣ የከለከለ አፍ ዛሬ በግ ጎረሰ።

ጡረታ የወጣ ሰው ቀን አይለይም፤ ሰኞም ሐሙስም ያው አንድ ሹራብ ነው። ግን በጡረታ አላመካኝም። ቀኑን ያስረሳኝ ቅናት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳውንታውን ዴንቨር ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአንድ ፓርኪንግ ጋራዥ መስኮት ላይ ተቀምጬ ትኬት ስቆርጥ ኖሬአለሁ። እዚያ አካባቢ የሚሠራ የአገሬ ሰው ሁሉ፣ ታክሲ የሚነዳውም፣ ሆቴል የሚያጸዳውም፣ ሌሊት የሚጠብቀውም፣ በመስኮቴ ሳያልፍ አይውልም። «ጋሼ፣ እንግዳ መጥቶብኛል፤ የት ልጋብዘው?» ይለኛል። እኔም እንደ ሐኪም እጠይቃለሁ። እንግዳው ጨጓራ አለበት? ክትፎውን በጥሬው ነው ወይስ ለብ ለብ? ከሚስቱ ጋር ነው ወይስ ብቻውን? ከዚያ እፈርዳለሁ። «ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ያለችዋ ጋ ውሰደው፤ ወጧን ግን እንዳትነካ፣ ሽንኩርቱ ሳይበስል ነው የምታወርደው። ማዶ ያለው ሰውዬ ጋ ደግሞ እንጀራው ዐይን የለውም፤ ዴንቨር ከፍታ ስለሆነ ነው ይልሃል፣ እንዳታምነው፣ ችኮላ ነው።» ሰውም ይሄዳል፤ በልቶ ይመለስና ያመሰግነኛል። ደሞዜ ከመኪና ነበር፤ ክብሬ ግን ከሰው ሆድ።

ጡረታ ስወጣም ክብሩ አልቀረብኝም። ሞንትቤሎ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ በስልክ እፈርድ ነበር። እንዲህ እያለ ቆየና ከሦስት ዓመት በፊት ይህ የምቀናበት ሰውዬ መጣ።

ልጁ ናት ሎውሪ ሰፈር ያመጣችው፣ የልጅ ልጆቿን… አይ፣ የልጅ ልጆቹን እንዲጠብቅላት። (ቅናት ብዕርንም ያሳስታል።) መኪና የለውም። የሕፃን ጋሪ እየገፋ፣ በአውቶቡስ እየተሳፈረ፣ አውሮራ ውስጥ ያለን የሐበሻ ምግብ ቤት በሙሉ አንድ በአንድ ገባበት። ሲበላ አይቸኩልም። ከበላ በኋላ ወደ ወጥ ቤቱ በር ጠጋ ብሎ ሴትዮዋን፣ «እጅሽ ይባረክ፣ ይህን እንዴት አደረግሽው?» ይላታል። እሷም ትነግረዋለች! እኔን አንዷም ነግራኝ አታውቅም። ደግሞ ጥርሱ በሙሉ የራሱ ነው። ይህ ከምግብ ቤቱ ጉዳይ ጋር ምን ያገናኘዋል ብትሉኝ፣ ለእኔ ያገናኘዋል።

ሰው የሚወደው ለምን እንደሆነ አጥንቻለሁ። እኔ ምን እንደማይበላ እናገራለሁ፤ እሱ ምን እንደሚበላ ይናገራል። «ምስሯ ዓርብ ነው፤ ጎመኗ ግን ከሰዓት በኋላ ይሻላል፣ ታላቅ እህትየዋ የምትገባው ያኔ ነው» ይልሃል። ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ያናድዳል!

ስልኬ ዝም አለ። መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ ልጄን አስመረመርኳት። «ዳድ፣ ስልኩ ኦኬ ነው፤ የሚደውል ሰው ነው የሌለው» አለችኝ።

ያም ሆኖ ችዬው ነበር። ባለፈው እሑድ ግን አዳራሹ ውስጥ ጸበል ጻዲቁን ቀምሰን እንደቆምን፣ ባለቤቴ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ያበሰለችውን ሁሉ እየተቸሁ የበላሁላት ሴት፣ ወደ ሰውየው ዞር አለችና፣

«እህቴ ከዳላስ ልትመጣብኝ ነው። ቅዳሜ የት ብንወስዳት ይሻላል?» አለችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ!

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?» አልኳት።

«አንተማ የማይበላበትን ነው የምታውቀው።»

የከበቡን ሰዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳልስቅ ብቀር ይብስ ነበር። ሰውየው ግን አልሳቀም። «ሃቫና ጎዳና ላይ፣ ከጎማ ቤቱ ጎን ያለችውን ትንሿን ቤት ይሞክሩ፣ እመቤቴ» አላት ረጋ ብሎ። «ረቡዕና ዓርብ ሽሮዋን፣ በፍስክ ቀን ደግሞ ጥብሷን።» እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «ጥብሷን» የምትለዋን ብቻ ነው። ቅናት ግማሽ ጆሮ ይደፍናል።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ መኪናዬን አስነሥቼ ወደ ሃቫና ሄድኩ፣ ለስለላ። ቅዳሜ ሳይደርስ አንድ እንከን አግኝቼ፣ «እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ እንግዳ የሚጋበዝበት ቤት አይደለም» ለማለት። እንከኑን መንገድ ላይ አዘጋጀሁ፦ ሥጋው ይጎተታል፣ ቅቤው የከረመ ነው፣ እንጀራው ቀዝቃዛ ነው። ጎማ ቤቱ በር ላይ ፓርክ ሳደርግ ፍርዱ ተጽፎ አልቆ ነበር፤ የቀረው መብላት ብቻ ነው።

አስተናጋጇ መጣችና «የጾም ነው አባባ?» አለችኝ። ልብ በሉ፣ ልጅቷ ጠይቃኛለች።

«ልጄ፣ ምን እንደምበላ አውቃለሁ። ጥብስ። ደረቅ ይሁን፣ ቃሪያ ይብዛበት።»

የሌላ እምነት ሰው መስዬአት ይሆናል፣ «እሺ» ብላ ሄደች። ጥብሱ በሸክላ፣ ከሥሩ ፍም ተደርጎበት፣ እየጮኸ መጣ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ መዓዛው ከእኔ ቀድሞ ሁሉም ጠረጴዛ ደረሰ። አዋዜውን አጥቅሼ አንድ ጎረስኩ። እንከን የለውም። ጨው አንሶት እንደሆነ ብዬ ደገምኩ። ጨውም አላነሰውም። ሥጋው ከውጭ ጠበስ ብሎ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ ሽንኩርቱ ቀለጠ እንጂ አላረረም። እንዲህ ያለ ጥብስ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሰው ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም። ልቤ እንዴት እንደተቃጠለ! እሱ ከመጣ በሦስት ዓመቱ አገኘው።

ሦስተኛውን ጎርሼ፣ እስኪ የሰው ፊት ልይ፣ ቅር ያለው አንድ ሰው አይጠፋም ብዬ ቀና አልኩ። በየጠረጴዛው ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር። «ይህ ሁሉ ሰው ምን ነካው፣ ሁሉም አትክልት?» አልኩ በልቤ። ከዚያ ዐይኔ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ አረፈ፦ ረቡዕና ዓርብ የጾም በያይነቱ።

ሥጋው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እንዳልተፋው ሰው አለ፤ እንዳልውጠው እግዚአብሔር አለ።

«ጋሼ!» አለኝ አንድ ድምፅ፤ ደንግጬ ዋጥኩት። ጥጉ ላይ ሰውየው ሽሮውን ይዞ ተቀምጧል። የሁለት ዓመት ታናሼ ነው፤ «ጋሼ» ባለኝ ቁጥር ሃያ ዓመት ያስረጀኛል። እኔም በልቤ «አንተ» እያልኩ በአፌ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ሩቅ እንዲቆይልኝ።

ሸክላውን አየ። ፊቴን አየ። ከዚያ መስኮቱን አየ። በመስኮቱ በኩል ያቺ የወጥ ቤት ኃላፊ፣ ባለ ዓሣዋ፣ ከጓደኛዋ ጋር ከመኪና ስትወርድ እኔም አየኋት። አዳራሹ ውስጥ የተናገርኩት ሁሉ፣ የዶሮዋ ዋና ሳይቀር፣ በዚያች ቅጽበት ዞሮ መጣብኝ።

ሰውየው ሽሮውን ይዞ ተነሣ። ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሸክላውን ሳብ አድርጎ ወደ ራሱ፣ ሽሮውን ገፋ አድርጎ ወደ እኔ። የጋሪ ሕፃን እንዳይነቃ የሚያደርግ ሰው እጅ ነው፤ ድምፅ የለውም።

«አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ» አለች ኃላፊዋ ስትገባ። ዐይኗ ሸክላው ላይ ቀረ። «ዛሬ… ረቡዕ አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ፣ እመቤቴ» አላት ሰውየው። «ደምህ አንሷል ብሎ ሐኪም አዞብኝ። ጋሼም እየተቆጡኝ ነበር።» ይህን እያለ ከሽሮው ጠቅልሎ አፌ ውስጥ ከተተው። «ይብሉ ጋሼ፣ እርስዎ እንኳን ይጹሙልኝ።»

ጉርሻውን ልንገራችሁ። አልፈሰሰም፣ አልተበተነም፣ ከንፈሬን አልነካም፤ ተጠቅልሎ የገባው እንደ ተሰፋ ነገር ነው። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ እንኳ በጉርሻው ቀናሁ።

«እግዚአብሔር ይማርዎት» አለችው ሴትዮዋ ቀዝቀዝ ብላ። ወደ እኔ ዞር ስትል ግን፣ «እርስዎማ ጠንካራ ነዎት፣ አባታችን» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አፌ ሙሉ ነበር ብዬ ላመካኝ እችላለሁ። ነገር ግን ጉርሻውን ከዋጥኩ በኋላም ያዘዙት በያይነቱ እስኪታሸግላቸው ቆመው ነበር፤ እኔም ዝም እንዳልኩ ነበርኩ።

ሲወጡ፣ «ምን አደረጉ እርስዎ? ስምዎ እኮ ይጠፋል» አልኩት።

«የሦስት ዓመት ስም ምን አለው፣ ጋሼ? የእርስዎ ነው የቆየው። የዓሣውን ንግግር ነግረውኛል። ያን የተናገረ ሰው በጥብስ ሲያዝ ማየት ደስ አይልም።» ትንሽ አሰበ። «ትንሽ ደስ ይላል።» በእነዚያ ጥርሶቹ ሳቀ። ከዚያ ሰዓቱን አይቶ የተረፈውን ጥብስ ለማይጾመው አማቹ አሳሸገና ተነሣ፤ የልጅ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ነው። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፣ ጋሼ። ሁለተኛው ከእርስዎ ነው» አለኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ይህ ስልክ እንዴት እንደሚጮህ ረስቼው ነበር። ኃላፊዋ ናት።

«አባታችን፣ ቅዳሜ እንግዶች አሉብኝ፣ ስምንት ነን። የት ልውሰዳቸው?»

«ሰውየውን አትጠይቂም?»

«ኧረ እሳቸውን ይተዉኝ! ረቡዕ ለረቡዕ በሸክላ ጥብስ የሚበሉ ሰው… ሐኪም ይላሉ ደግሞ። ሰዉ ሁሉ ሰምቶ ጉድ እያለ ነው።»

አልዋሽም፤ አጣጣምኩት። ወንበሬ ተመለሰልኝ። ያላሰብኩት፣ ያልለፋሁበት፣ በሰው ስም የተገዛ ወንበር። ሦስት ምግብ ቤቶች ምላሴ ጫፍ ላይ ተሰልፈው ነበር፣ ከነእንከናቸው። ግን የሽሮው ጣዕም ገና አፌ ውስጥ ነበር።

«ስሚ ልጄ» አልኳት። «ጥብሱ የእኔ ነበር። ያዘዝኩትም የበላሁትም እኔ ነኝ። ረቡዕ መሆኑን ረስቼ ነው። ሰውየው ሊሸፍነኝ ብሎ ነው።»

ሳቋ ፈነዳ።

«እርስዎ እኮ ቀልድዎ አያልቅም! እርስዎ? ጥብስ? በረቡዕ?»

«እውነቴን ነው!»

«እንዴት ያለ ደግ ሰው ነዎት፣ የሰው ኃጢአት ይሸከማሉ? እኔ በዚያ በዓሣው ነገር ተቀይሜዎት ነበር፤ ዛሬ ይቅር ብዬዎታለሁ።»

ዕድሜ ልኬን ስቀልድ ኖሬ አንድ ቀን እውነት ብናገር፣ እሱንም ቀልድ አሉት። ምን ላድርግ? «በይ ከጎማ ቤቱ ጎን ያለችው ቤት ሂዱ፤ ጥብሷ እንከን የለውም» አልኳት። ይህን ቃል ስለማንም ቤት ተናግሬ አላውቅም።

«ቀምሰውታል?»

«ዛሬ ነዋ የቀመስኩት!»

እየሳቀች ዘጋችው።

ባለቤቴ ሶፋው ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። መጥታ ኮሌታዬን ያዘችና አገላበጠችው።

«አዋዜ» አለች።

«ሽሮ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሽሮና አዋዜ መለየት አቅቶኝ ነው?» በዓለም ላይ የሚያምነኝ አንድ ሰው እሷ ናት፤ የምታምነኝም ጥፋቴን ብቻ ነው። «ቅዳሜ እህቴን እዚያው ነው የምንወስዳት። የሸፈኑህን ሰውም ጥራቸው፤ ያቺም ሴትዮ ከስምንት እንግዶቿ ጋር እዚያ አይደለች? በሰው ፊት የጠፋ ስም በሰው ፊት ነው የሚመለሰው።»

ደወልኩለት። «እመጣለሁ፣ ጋሼ» አለኝ፤ ከኋላው ልጆች በእንግሊዝኛ ይጯጯሃሉ።

ትልቁን ዕዳ ከንስሐ አባቴ ጋር እንተያይበታለን፤ እሳቸው ስግደቱን ይቆጥሩልኛል፣ ጉልበቴ ይከፍላል። ይኸው አሁን ደግሞ ወጥ ቤት ቆሜ ከምሳ የተረፈ እንጀራ በምስር እየጠቀለልኩ እለማመዳለሁ። የመጀመሪያው ፈሰሰ። ሁለተኛው ተፈታ። ባለቤቴ «ወለሉን አቆሸሽከው» እያለች ነው። ቅዳሜ በስምንት እንግዶችና በአንዲት ባለ ዓሣ ሴት ፊት፣ የማን ጥብስ እንደነበረ ተናግሬ የምከፍለው አንድ ጉርሻ አለብኝ፤ እሱም የእሱን ያህል ካላማረ እንደገና መቅናቴ ነው።